በየት በኩል ይወጣል

ኮልፌ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሥራዬን ለጎረቤት ለማስረዳት ሞክሬ አልተሳካልኝም። "የሆስፒታል ፕላን አወጣለሁ" ስል "ሐኪም ነው" ይላሉ። "ኧረ ሐኪም አይደለሁም" ስል "ደግሞ ትሕትናው" ይላሉ። በዚህ የተነሳ በየደጁ የተዘረጋልኝን ምላስና የተሳለልኝን ሳል ጡረታ የወጣ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት እንኳ አላየም። አንድ ጊዜማ በሚኒባስ ወደ ሰፈር ስንመጣ፣ አንድ ሰውዬ እባጩን ሊያሳየኝ ቀበቶውን መፍታት ጀምሮ ነበር። ያተረፈን ወያላው ነው፤ "ጋሼ፣ እዚህ መውረድ እንጂ ማውለቅ የለም" ብሎ።

እውነቱን ለመናገር ሥራዬ ቀስት መሳል ነው። ሆስፒታል ከመገንባቱ በፊት ማን በየት ገብቶ የት እንደሚቀመጥ፣ ምግቡ በየት መጥቶ የቆሸሸው አንሶላ በየት እንደሚሄድ የሚወስን ቡድን እመራለሁ። ፕላኑ ላይ ለእያንዳንዱ ቀለም አለው። ሰማያዊዋ ቀስት የበሽተኛና የአስታማሚ ናት፣ አረንጓዴዋ የሐኪምና የነርስ፣ ቀይዋ የቆሸሸ ዕቃ። አራተኛዋ ጥቁር ናት። እሷ ከአልጋ ክፍሎቹ ተነስታ አስከሬን ክፍል ታበቃለች፤ መመለሻ የላትም። በዕድሜዬ የሳልኳቸው ቀስቶች ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠሉ ከኮልፌ ተነስተው፣ ሳንሱሲን በግራ ትተው፣ እስከ ምሳ ሰዓት ጎጃም ይገባሉ። ዛሬ የምጽፈው ግን ከሳልኳቸው ስለ አንዱም አይደለም። ስለሰረዝኩት አንድ ቀስት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቡድኔ የአንድ ሆስፒታል ፕላን ያዘ። የቱ ሆስፒታል እንደሆነ አልናገርም። ጥፋቱ የኔ ሆኖ ሳለ የሆስፒታሉን ስም ማንሳት ነውር ነው፤ ከሰፈራችን ሁለት ታክሲ ተይዞ የሚደረስ ነው ብል ይበቃል። ቦታው ጠባብ ነበር። ፕላኑን ስንት ጊዜ እንደከለስነው እግዜር ይወቀው፤ እኔ ከሰባኛው በኋላ መቁጠር ትቻለሁ። በመጨረሻ ሁሉም ነገር ገባ፣ ካርድ ክፍሉ ብቻ ጠበበ። ካርድ ክፍል ከጠበበ ሰልፉ ደጅ ይወጣል፤ ሰልፉ ደጅ ከወጣ ደግሞ ሰው ስልኩን አውጥቶ ያነሳዋል፤ አሠሪዎቻችን ይህን ከእሳት አደጋ በላይ ይፈሩ ነበር። ከካርድ ክፍሉ ጀርባ አንዲት ቀጭን ኮሪደር ነበረች። የጥቁሯ ቀስት ኮሪደር።

"ይህቺን ብናጠፋትስ?" ያልኩት እኔ ነኝ።

በቡድናችን ታናሽ የሆነችው አርክቴክት፣ ከተመረቀች ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለች ሁሉ እጇን አወጣች። "ታዲያ አስከሬን በየት በኩል ይወጣል?"

ጥያቄዋ ትክክል ነበር። ትክክል መሆኑን ደግሞ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጥነው ሁሉ አብልጬ የማውቀው እኔ ነበርኩ። መልስ ሲጠፋኝ የማደርገውን አደረግሁ።

"እህቴ፣ ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ስቆይ፣ ስለ መንገዱ ቅሬታ ያቀረበ ሬሳ እስካሁን አልገጠመኝም።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የአሠሪዎቹ ተወካይ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ። ልጅቷም ሳቀች፤ አለቃዋ ሲቀልድ ምን ታድርግ። ብዙ ስብሰባ መርቻለሁና ይህን ስል እመኑኝ፦ ሰው ስቆ ያለፈውን ነጥብ ተመልሶ አያነሳውም። ክርክር ቢሆን ኖሮ እሸነፍ ነበር። ቃለ ጉባኤው ላይ "አስከሬን ተሸፍኖ በዋናው ኮሪደር በፍጥነት ያልፋል" አስባልኩ። ዋናው ኮሪደር ሰው የሚጠብቅባቸው አግዳሚ ወንበሮች ግራና ቀኝ የተደረደሩበት ነው። ጥቁሯን ቀስት አጥፍቼ ሰማያዊዋ ላይ ደረብኳት። ካርድ ክፍሉ ሰፋ። ሲመረቅ እኔም ከፊት ቆሜ አጨበጨብኩ።

ከግቢያችን ጋር አንድ ግንብ የሚጋሩ ባልና ሚስት አሉ፤ ነበሩ ልበል። እሳቸውን ጋሼ፣ ሚስታቸውን እትዬ ነው የምላቸው። ጋሼ አናጺ ነበሩ፣ ኮልፌ ገበያው አጠገብ ወርክሾፕ ያላቸው። በወጣትነታቸው ለሙሽሮች አንድ ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን ይሠራሉ። ቀለሙ ደርቆ፣ መኪናው ደጅ ቆሞ፣ ሙሽራው እጅጌውን ሰብስቦ ሊያነሳው ሲል ቁም ሳጥኑ በወርክሾፑ በር አልወጣ አለ። እኔ ስተርከው ቁም ሳጥኑ ባለ አሥራ ሁለት በር ነው፤ ግድግዳው ሲፈርስም ቀበሌው በሙሉ ተሰብስቧል፤ ሙሽሪትም ሐሳቧን ልትቀይር ምንም አልቀራትም። እሳቸው ሲተርኩት ግን አጭር ነበር።

"ቆርቆሮውን ነቅለን አወጣነው። ከዚያን ቀን ወዲህ፣ እንጨት ከመቁረጤ በፊት በየት በኩል እንደሚወጣ አያለሁ።"

መጀመሪያ ቢሮ ስከፍት የንድፍ ጠረጴዛዬን የሠሩልኝ ጋሼ ናቸው። የቢሮዬን በር መጥተው ለክተው ነው ሥራውን የጀመሩት። ያቺን ጥቁር ቀስት የሰረዝኩት በዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ጋሼ ሲታመሙ እትዬ ያማከሩት ማንን ይመስላችኋል? የሰፈሩን "ሐኪም" ነዋ። "እኔ የሠራሁት ሆስፒታል እያለማ ሌላ ቦታ አትሄዱም" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ሐኪሞቹ እውነትም ጥሩ ነበሩ፣ የሚቻለውን ሁሉ አደረጉ። እትዬ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከዚያ አግዳሚ ወንበር አልነቃነቅ አሉ። ባላቸው እንዳይበርዳቸው ከቤት ብርድ ልብስ አስመጥተው ደርበውላቸዋል፤ ትልቅ ነብር ያለበት፣ ዓይኑ ቢጫ፣ አንድ ጆሮው በካውያ ተቃጥሎ እትዬ በቡናማ ጨርቅ የጣፉት። እኔ ማታ ማታ ከሥራ ስወጣ ጎራ እያልኩ፣ "ነብሩ ዛሬ ቁርስ በላ?" እላለሁ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ ይሉልኛል።

በአሥረኛው ቀን ረፋድ ላይ ስልኬ ጠራ። የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ በስልክም ሲያወሩ ከኋላ ወንበር ያለው ሁሉ እንዲሰማቸው የሚፈልጉ።

"ሰውዬው አርፈዋል" አሉኝ። "የወንድማቸው ልጅ ነው የደወለልኝ፣ እዚያው ከጎናቸው ነበር። እሷ አልሰማችም።"

"የት ናቸው አሁን?"

"እዚያችው ወንበሯ ላይ። እንግዲህ ሥርዓቱን ታውቃለህ። ዛሬ ሰበብ ፈልገን ቤት እንወስዳታለን፤ ነገ ማልዶ ዘመድ ይሰበሰብና እናረዳታለን። መኪና ልኬያለሁ። አንተ ቢሮህ ለዚያ ቅርብ ነው፤ መኪናው እስኪደርስ ሂድና ያዝልኝ።"

"ምን ብዬ ነው የምይዛቸው?"

"እኔን ትጠይቀኛለህ? ዕድሜ ልክህን ስትቀልድ የኖርከው ለምን ሆነና? ዛሬ እንኳ ለሰው ይጥቀም።"

ሄድኩ። ስለ ኮሪደሩ ፈጽሞ ትዝ አላለኝም ብዬ ብምል ደስ ባለኝ። ትዝ ብሎኛል። የሆስፒታሉ በር ላይ ስደርስ፣ ልክ እንደ ትኩሳት ሽው አለብኝ። እትዬን ከወንበሩ አስነስቼ ወደ ግቢው ማውጣት እችል ነበር። "ይጠረጥራሉ" አልኩ ለራሴ። "ደግሞ ወረቀቱ ይቆያል፣ አስከሬኑን ቶሎ አያወጡም።" ያንን ኮሪደር የሳለ ሰው፣ ከላይ እስከ ታች ስንት እርምጃ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው፣ እዚያው አግዳሚ ላይ ከእትዬ አጠገብ ዘፍ አልኩ።

"ምነው በዚህ ሰዓት? ሥራ የለህም እንዴ?" አሉ።

"እትዬ፣ ዛሬ ታክሲ ውስጥ ያየሁትን ካልነገርኩዎት ሆዴ ይፈነዳል።"

ምንም አላየሁም። እዚያው እየፈጠርኩ ጀመርኩ። አንድ የሳንሱሲ ሰውዬ በግ ይዞ ሚኒባስ ውስጥ ይገባል። ወያላው በጉ መስኮት አጠገብ አይቀመጥም ይላል። ሰውዬው ደግሞ ካልተቀመጠ መኪና ያዞረዋል ይላል። ተሳፋሪው ለሁለት ይከፈላል፤ የበጉ ወገንና የወያላው ወገን። በመጨረሻ በጉ እውነትም ይዞርበታል፤ ሾፌሩ ደንግጦ መኪናውን ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ያበርራል። እትዬ ከንፈራቸው ጥግ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። እኔም ባሰብኝ፣ ተነሥቼ ቆምኩ፣ አንዴ በጉን፣ አንዴ ካርድ ክፍል የምትሠራዋን ሴትዮ ሆኜ ማውራት ጀመርኩ።

"ስም? ትላለች ቀና ሳትል። 'በግ' ይላል ሰውዬው። ትጽፋለች። የአባት ስም? ትላለች።"

እትዬ ሳቁ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ትከሻቸው እየተናጠ፣ ለዘጠኝ ቀን ያጠራቀሙትን ሁሉ ሳቁ። አጠገባችን የተቀመጡ ሰዎችም አብረው ሳቁ። ያን ጊዜ ከኮሪደሩ መታጠፊያ አንድ የምትጮህ ጎማ ተሰማችኝ።

አልጋውን የሚገፋው ሠራተኛ፣ እንደተጻፈለት፣ በፍጥነት ነበር የሚሄደው። ከኋላው የወንድማቸው ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይከተላል። ከላይ እስከ ታች ተሸፍኗል፤ ቃለ ጉባኤው የሚለው ሁሉ ተፈጽሟል። የተሸፈነው ግን በነብሩ ነው። ነብሩ በቢጫ ዓይኑ እያየን፣ በተጣፈው ጆሮው በኩል፣ ከእትዬ ጉልበት አንድ ክንድ ርቀት ላይ አለፈ።

እትዬ ሳቁ ገና ከፊታቸው ሳይወርድ ብድግ አሉ።

"ያ የኔ ብርድ ልብስ ነው" አሉ።

ቀስ ብለው ደገሙት፣ ለኔ ሳይሆን ለኮሪደሩ። "የኔ ብርድ ልብስ ነው እኮ።"

በቋንቋችን ተረዳ ማለት ገባው ማለት ነው፤ መርዶ ተነገረው ማለትም ነው። ቃሉ አንድ የሆነው በዋዛ አይመስለኝም። ሰው ሞትን የሚረዳው የሚይዘው ሰው በግራና በቀኝ ሆኖ፣ በገዛ ቤቱ፣ ቃሉን በሥርዓት የሚያወጣ ሽማግሌ ከፊቱ ተቀምጦ ነው። እትዬን ያረዳቸው ጎማ ነው። መርዶ ነጋሪው እኔ ነበርኩ፤ ያውም ቆሜ፣ በግ ሆኜ።

ለቅሶው ላይ እትዬ ደረታቸውን እየመቱ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚደጋግሙት። "ስስቅ አለፈ። እየሳቅሁ ሸኘሁት።" ሴቶቹ "አታውቂ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ" ይሏቸዋል። እኔ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ። ሰዎች ካርታ እየተጫወቱ ቀና ብለው ያዩኛል፤ ሌላ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሆኜ እንኳ ሰው ሳላስቅ አልውልም፣ አሁን ዝም ብያለሁ። "እንዴት ቢወዳቸው ነው" ተባለልኝ። ሐዘኔ ሳይቀር የማይገባኝን ምስጋና አተረፈልኝ።

ከዚያ በኋላ እትዬ ሳቅ ተዉ። ማኩረፍ አይደለም፤ ሰላም ይሉኛል፣ ልጆቼን ይጠይቃሉ፣ በግንቡ በኩል ሎሚ ያቀብሉናል። ቴሌቪዥን ላይ ሰው ሲስቅ ግን ድምፁን ይቀንሳሉ። አንድ ቀን ሚስቴን "ሳቅ መጥፎ ነገር ነው፣ ሰው ያዘናጋል" አሏት። ሚስቴ ስትነግረኝ እጄ ላይ የነበረውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለስኩት። አንዲት ሴት የኔን ጥፋት የራሷ አድርጋ ተሸክማ ከግንብ ማዶ ትኖራለች፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

በዚህ መሃል ያው ሆስፒታል ማስፋፊያ ሊሠራ ነው ተባልኩ፤ ፕላኑን እንደገና ለኛ ሰጡን። የድሮውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ስንዘረጋ፣ ያቺ አርክቴክት፣ አሁን የራሷን ቡድን የምትመራ፣ ከትከሻዬ ኋላ ቆማ ነበር። ሰማያዊዋ ቀስት ሥር፣ ወረቀቱን ወደ መብራቱ ቀና ስታደርጉት፣ የተፋቀችው ጥቁር ትታያለች።

"ያን ቀን የሳቅሁት ስላስቀኝ አልነበረም" አለችኝ።

"አውቃለሁ" አልኳት። ማስፋፊያው ላይ ጥቁሯን ቀስት ከሁሉ አስቀድመን ሳልናት፤ በኋላ በኩል፣ ለብቻዋ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዲሱን ፕላን ጠቅልዬ የእትዬን በር አንኳኳሁ። ሳሎን ተቀምጠው ሰፌድ ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር።

"አንድ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት፣ እትዬ።"

"ቀልድ ከሆነ ዛሬ ጆሮዬን ያመኛል።"

"ቀልድ ነው። ግን ድሮ ተቀልዶ ያለቀ ነው።"

ነገርኳቸው። ካርድ ክፍሉን፣ ቀጭኗን ኮሪደር፣ የልጅቷን ጥያቄ፣ ቃለ ጉባኤውን። ቀልዱን ቃል በቃል ደገምኩት፤ ያን ዕለት ቤት ያናጋው ነገር እዚያች ሳሎን ውስጥ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወደቀ። እሳቸው ምስር መልቀማቸውን አላቋረጡም። አንዲት ጠጠር አገኙ፣ አዩዋት፣ ወደ ጎን አስቀመጧት።

"እኔም አንድ ነገር ልንገርህ" አሉ። "ያን ቀን ገና ስትመጣ አውቄያለሁ።"

"ምኑን?"

"መሞቱን ነዋ። ማታ ማታ እየመጣህ የምትጠይቀን ሰውዬ፣ በሥራ ሰዓት፣ ከረባትህን እንዳሰርክ፣ ላብ በላብ ሆነህ ስለ በግ ልታወራልኝ ትመጣለህ? ሞኝ መሰልኩህ?"

"ታዲያ ለምን ሳቁ?"

"አሳዘንከኛ። በግ ሆነህ ቆመህ ስትለፋ።" ሰፌዱን ነቅነቅ አደረጉት። "መጀመሪያ የውሸቴን ነበር። የአባት ስም ያልክ ጊዜ ግን የእውነቴን ሳቅሁ። የሚቆጨኝ እሷ ናት።"

አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ።

"እዚያ እንድሰማው አልፈለግሁም። እናንተም እንደማትነግሩኝ አውቃለሁ፣ ሥርዓቱን እኔም ለስንት ሰው አድርጌዋለሁ። ቤቴ ገብቼ፣ እሱ የሠራው አልጋ ላይ ተኝቼ፣ ጠዋት ሲያንኳኩ እሰማዋለሁ ብዬ ነበር። እስከ ጠዋት አለማወቅ እችል ነበር። አንዲት ሌሊት ባለትዳር ሆኜ አድር ነበር።" ሰፌዱን አስቀመጡት። "የወሰድክብኝ እሷን ሌሊት ነው።"

"እትዬ፣ ይቅር ይ..."

"አሁን አትበለኝ። ይቅር ማለቴ አይቀርም፣ ጎረቤት ነን፤ ግን ገና ነኝ። ይልቅ ያ የያዝከው ምንድነው?"

ፕላኑን ዘረጋሁት። ጥቁሯን ቀስት ከአልጋ ክፍሎቹ ጀምሬ እስከ ኋላ በሩ በጣቴ አሳየኋቸው። ምስጋና የጠበቅሁ ይመስለኛል፤ ሰው ምን ያህል አያፍርም። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ከሠርግ አልበም አብልጠው አዩት።

"እሱስ በዚህ ወጣ። ሴትዮዋስ?"

"የቷ ሴትዮ?"

"ሚስቱ ናታ። መኪናው እስኪመጣ የት ትቆያለች?"

ስለ ሴትዮዋ ያሰበ አልነበረም። ሁለታችንም፣ እኔና አርክቴክቷ፣ ስንት ቀን ስንሠራ፣ ሟቹን በክብር አወጣንና ሚስቱን እዚያው አግዳሚ ላይ ተውናት። እትዬ ከሰፌዱ አንዲት ምስር አነሱ፤ ወረቀቱ ላይ ትንሽ አንከራተቷት፤ ከኮሪደሩ ወጣ ብሎ፣ ግቢው የሚታይበት ጥግ ላይ አስቀመጧት።

"እዚህ አድርጋት። ጀርባዋን ለኮሪደሩ ሰጥታ። የሚይዛት ሰውም አጠገቧ ይቀመጥ፣ እንዳንተ አይቁም።"

"በሩ ላይ ምን ተብሎ ይጻፍ?"

"ምንም አትጻፍ። ተጽፎበት ማን ይገባል?"

ምስሯን በፕላስተር እዚያው ላይ ለጠፍኳት። ዓርብ ስብሰባ አለን። የማስፋፊያው ቦታም እንደ ድሮው ጠባብ ነው፤ አንድ ሰው ተነሥቶ "ይህቺ ክፍል ምን ታደርጋለች" ማለቱ አይቀርም። በዚህ ጊዜ የምመልሰውን ሳልቀልድ ለመናገር፣ መታጠቢያ ቤት መስተዋት ፊት ሦስት ቀን ተለማምጃለሁ። ከባድ ነው። ፊቴ አልለመደውም።

ያን ቅዳሜ ልወጣ ስነሳ እትዬ እንደገና ወደ ምስራቸው አጎነበሱ።

"በጉስ?" አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

"የቱ በግ?"

"ካርድ ክፍል የወሰድከው። የአባቱን ስም ጠይቃው ነበር። ከዚያ ምን ሆነ?"

ዋሽቼ አንድ ነገር ልፈጥር እችል ነበር፤ ድሮ ቢሆን በሩ ላይ ሳልደርስ በጉን ሜዲካል ዳይሬክተር አደርገው ነበር። "አላውቅም፣ እትዬ" አልኳቸው። "መጨረሻ አልነበረውም። እዚያው እየፈጠርኩ ነበር።"

"እሱንም አውቄያለሁ" አሉ። ከሰፌዱ ሌላ ጠጠር አወጡ።

በጉ እስከ ዛሬ እዚያው ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ቆሟል። ሴትዮዋም እስክሪብቶዋን እንደያዘች ናት። እትዬ ሰላም ሲሉኝ ድምፃቸውን አዳምጣለሁ፣ የበጉን ነገር እንደገና ይጠይቁኝ እንደሆነ። እስካሁን አልጠየቁኝም።